ከሠላሳ ሃያ ስምንት

ወንድም ጋሼ፤

እንደምን አለህ? ጉልበትህ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይንቋቋል? ሐኪሙ የሰጠህ ቅባት ለውጥ አመጣ ወይስ እንደ ልማድህ በሦስተኛው ቀን ተውከው? እማዬስ እንቅልፏ ተመለሰላት? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያ የሚያፈሰው ጣሪያችሁ ሳይቀር፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ጤና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ጤንነትህን ለይስሙላ የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ አስቀድሜ ልንገርህ። ጉልበትህ እንዲሻለው ከልቤ እመኛለሁ። ተቀይሜሃለሁም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው። በስልክ አንተ ትስቃለህ። አንተ ስትስቅ እኔም ምን እንዳሳቀኝ ሳላውቅ እስቃለሁ፤ ከዚያ እማዬ ስልኩን ትቀበልህና ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል። ወረቀት አያስቅም።

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደገና እፈተናለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ፈተናው ካለፈ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ሆን ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላክህልኝን መልእክት ምን እንዳልክ እንዳትረሳ እዚህ ልገልብጠው። «ተይ እህቴ፣ አትፈተኚ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። የጤና አስተዳደሩ ክፍል ተቀብሎሻል፤ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትሠሪያለሽ። የሕክምና ፊዚክሱን ለሚችሉት ተይላቸው። ድንጋጤሽን እያወቅሽ ለምን ዳግመኛ ትገቢበታለሽ? አቅምሽን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር። እሷ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬ አለፈኝ፣ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ። አቅምሽን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። አባባ የመጽሐፍ መልስ ይቆርጥ ነበር። አንተ በአሥራ አራት ዓመት ስለምትበልጠኝ ከኔ ይበልጥ ታስታውሳለህ። የሒሳብ መጽሐፍ እቤት በገባ ቀን፣ ገና ሽፋኑ ሳይለበድ፣ የጺሙን ምላጭ ያመጣና ከኋላ ያሉትን የመልስ ገጾች ከሥራቸው ቆርጦ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከታቸዋል። «መልስ ያለበት ቤት ጭንቅላት አይበቅልም» ይል ነበር፤ አስተማሪ ነዋ። የሌላ ሰው ልጆች መጽሐፍ ሙሉ ነው፤ የኛ ሁሉ ከጀርባው የከሳ። ግን አባባ ከእራት በፊት መነጽሩን አድርጎ ይቀመጥና እያንዳንዷን ቁጥር ከመልሱ ጋር ያስተያይ ነበር። አሥር ከሠራን አሥሩንም ያያል። ሦስት ከሳትን «ሦስት» ይላል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይነግረንም፣ ራሳችን እንድንፈልጋቸው። እኔ ስፈልግ ያደግኩ ልጅ ነኝ።

አባባ ሲሞት ኮቱን አንተ ወሰድከው። ልማዱንም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለዕረፍት መጥተህ የፈተና መለማመጃ መጽሐፌን ጠረጴዛዬ ላይ ስታይ መጀመሪያ የጠየቅከኝ ምላጭ ነው። «የአባባን አጥንት! መልስ ታቅፈሽ አትማሪም» ብለህ ከኋላ አርባ ገጽ ቆርጠህ ሻንጣህ ውስጥ ከተትክ። ሳቅን። እኔማ ደስ አለኝ፤ ለአንድ አፍታ አባባ ቤት የተመለሰ መሰለኝ። ስምምነታችን ቀላል ነበር። ዓርብ ዓርብ ሠላሳ ጥያቄ እሠራለሁ፤ የመልስ ወረቀቴን ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ፤ አንተ ታርምና ቁጥሩን ብቻ ትልክልኛለህ። ሠላሳ ሁለት ዓርብ። እኔ አንድም አላጓደልኩም። አንተም አላጓደልክም፤ መልስህ አንዳንዴ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይደርሰኝ ነበር። ሃያ አራት። ሃያ አምስት። ሃያ አራት። ሃያ ስድስት፣ ጎበዝ። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት፣ የኔ አንበሳ!

ከዚያ ተፈተንኩ። ከመቶ ሃምሳ ስምንት። ፊዚክሱ የሚፈልገው ሰባ ነበር፤ ሃምሳ ስምንት የሚያስገባው ጤና አስተዳደሩን ብቻ።

ደውዬ ስነግርህ «ደንግጠሽ ነው» አልከኝ። እኔ መደንገጥ አለመደንገጤን ገና ሳላስበው ስም ወጣልኝ።

ተጠራሁ። እመለሳለሁ።

ተመለስኩ። ክርን ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ከደረጃ ወድቀው። አንድ ፊልም፣ አልተደገመም። ይህን የምጽፍልህ በምሳ ሰዓቴ፣ ከራጅ ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ ጨረር የሚከለክለው ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ጎኔ ተሰቅሏል፣ ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ጽሑፌ ሲወዛወዝ ታያለህ። ድንጋጤ አይደለም። ወንበሩ ነው።

ስለ ድንጋጤ ነበር የምነግርህ። ከዚያ ስልክ በኋላ ባለው ወር እማዬ ማስረጃ ማሰባሰብ ጀመረች። «አንቺ እኮ ከሕፃንነትሽ ደንጋጣ ነሽ፣ በር ሲላተም ትዘዪ ነበር» አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ በር ሲላተም የማይዘል ሕፃን አለ? ከፈተናው በፊት ይህን አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የረጋ ውሃ እንዳስብ አዘዘኝ። አሰብኩ። ሃምሳ ስምንት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ታየኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ የሚያረጋጋ እንክብል ሰጠችኝ፤ ስውጠው ምራቄ ይደርቃል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም። ሰው የሌለበትን በሽታ ሲያስታምም ትንሽ ቆይቶ በሽታው ይመጣል። እኔም ላይ መጣ። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስሆን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አለቃችንን ታውቀዋለህ፣ በስልክ ያወራሁልህ ሽማግሌ። ስሙን የሚጠራው የለም፤ «አትተንፍስ» ነው የምንለው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደረት ሲያነሣ ለታካሚ የሚናገራት ቃል እሷ ስለሆነች። አንድ ቀን እጄን አየና ከድንገተኛ ክፍል አወረደኝ። ደንጋጣ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ አልነበረብሽም። ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ማን ነገረሽ። እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። ወንድሜ ብዬ መመለስ አፈርኩ።

እዚህ ስለ መድገም ጥብቅ ሕግ አለን። ራጅ ሲደገም ታካሚው ሁለተኛ ጨረር ስለሚያርፍበት የተደገመ ሁሉ ምክንያቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሁላችንም «ታካሚው ተንቀሳቀሰ» እያልን እንጽፍ ነበር። አትተንፍስ ይህን ሲያይ ያብዳል። «ሰውዬው እግሩ ተሰብሮ ይደንስልሻል እንዴ? የኔ ስህተት ብለሽ ጻፊ እንጂ! የታካሚውን ስህተት በምን ታርሚዋለሽ?» ብሎ በሰው ፊት ይጮኻል። ካርድ ክፍል ያለችው ጓደኛዬ ድምፁን እያስመሰለች ታስቀናለች፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አሁን ወደ ገደለው። የዛሬ አምስት ወር፣ ከሆስፒታሉ ማዶ ካለው ሕንፃ ደረጃ ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ያንኑ መለማመጃ አገኘሁት። ያው ሽፋን፣ ያው ዓመት፣ ያው እትም። ሰውዬው «ውሰጂው የኔ እመቤት፣ ባለቤቱ አንድ ገጽ አልገለጠውም። ወይ ሊቅ ነው ወይ ሞቷል» አለኝ። ገለበጥኩት። ከጀርባው ወፍራም ነው። በሕይወቴ መልሱ ያልተቆረጠ መጽሐፍ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው ብልህ አታምነኝም፤ ሌባ የሆንኩ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

ሠላሳ ሁለቱን ወረቀቶቼን በሁለት የምሳ ሰዓት አረምኳቸው። ሃያ አራት ያልከው አሥራ ስድስት ነው። ሃያ ስድስት ያልከው አሥራ ሰባት። «የኔ አንበሳ» ያልክበት ዓርብ አንበሳዋ ያገኘችው አሥራ አምስት ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን አይደለም፤ መጽሐፉን ነው። የሱ መልስ ሌላ ይሆናል ብዬ ተሟገትኩልህ። ከዚያ አንተ የቆረጥከውን መጽሐፌን አመጣሁ። ምላጭህ ጠርዙን ትቶት ነበር፤ እዚያ ላይ የቀሩትን ቁጥሮችና የጎደሉ ፊደሎች ከሙሉው ጋር አስተያየሁ። አርባውም ገጽ አንድ ነው። ጠበቃህ ሆኜ ተከራክሬ ተረታሁ።

አማካዩን አወጣሁ። ከሠላሳ አሥራ ሰባት። ከመቶ ሲሰላ ሃምሳ ሰባት። ፈተናው የሰጠኝ ሃምሳ ስምንት። ገባህ? አልደነገጥኩም። አንዲት ጠብታ አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም አንድ ጨምሬበታለሁ። ያልቻልኩትን አልቻልኩም፣ የቻልኩትን ችያለሁ፣ ወረቀቱ ልክ ነበር። ልክ ያልሆነው ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ነው።

አንድም ቀን አላረምክልኝም። ገጾቹን ከሻንጣህ ማውጣትህን እንኳ እጠራጠራለሁ። ቁጥሮቹን ከራስህ ነው የምታወጣቸው፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እንዳይጠረጠር። እንዳይከፋት ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። ደክሞህም ነው፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን አንተ ሥራህ ምንድን ነው? የጭነት መኪና ሚዛን ላይ የምትቆም ሰው ነህ። አንድ ኩንታል ቢተርፍ መኪናውን አስቁመህ ሹፌሩ እግርህ ላይ ቢወድቅ የማታሳልፍ። ባለፈው ዓመት «ወንድሜ ቢሆንም አላሳልፈውም» ብለህ ስትኩራራ እማዬ መረቀችህ። እህትህ ግን ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሳትመዘን አለፈች። ደግሞ አፍህን ሞልተህ «አቅምሽን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም»። በምን አወቅከው? መቼ አየኸው? አባባ ጨካኝ ነው ስንል አደግን፤ አባባ ግን ሦስት ሲሆን ሦስት ይል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስድብ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ወረቀቱን ለብርሃን ብታነሣው ይነበብ ይሆናል። ተወው።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ሦስት ቀን ያመነታሁበትን።

አሥራ ዘጠነኛው ዓርብ። ድንገተኛ በዝቶ ነበር፤ አውቶቡስ ተጋጭቶ። ሠላሳውን ሳልጨርስ አምስቱን ባዶ ትቼ ወረቀቱን እንዳለ ላክሁልህ። አምስት ባዶ ሳጥን፣ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ መልስህ መጣ። «ከሠላሳ ሃያ ስምንት! እንኳን ደስ ያለሽ!»

ሃያ አምስት ጥያቄ ሠርታ ሃያ ስምንት ያገኘች።

ይህን ከአምስት ወር በፊት አወቅሁት ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ውሸት ነው። ያኔውኑ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ቆጥሬዋለሁ። መቀነስ አያቅተኝም። ቆጠርኩና ስልኩን ለካርድ ክፍሏ ጓደኛዬ አሳየኋት፤ «እሰይ ምሁሯ!» ብላ አቀፈችኝ። ቁጥሩን ወደድኩት። ብጠይቅህ ያለፉት አሥራ ስምንቱም ይፈርሱ ነበር፣ የሚመጡትም፤ ዓርብ ዓርብ የሚደርሰኝ ደስታም። ስለዚህ አልጠየቅኩህም። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓርብ እየላክሁ፣ አንተ እየዋሸህ፣ እኔ እየዋጥኩ ቆየን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኸው ነው።

ይህን የምነግርህ ጥፋቱን አቅልዬልህ አይደለም። ግማሹን እወስዳለሁ። ግማሹ ግን ያንተ ነው፤ መልሰህ እኔ ላይ እንዳትጥለው።

ከክፉው ሁሉ የከፋውንም ልንገርህ። ድንጋጤዬን ካጣሁ ወዲህ እፈራለሁ። ደንጋጣ ሳለሁ ብወድቅ የሚወድቀው ድንጋጤዬ ነበር። አሁን ከሰባ በታች ካመጣሁ ማንን አመካኛለሁ? ወንበሩን? እጄ ግን መንቀጥቀጡን ትቷል። አትተንፍስ ወደ ድንገተኛ ክፍል መለሰኝ፤ አላመሰገነኝም፣ «ጨረሽ በሽታሽን?» ብቻ አለኝ።

ለመመዝገብ የሄድኩ ቀን መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቅጹን መልሳ ገፋችልኝ። አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይሰርዘዋል ይላል ቅጹ፤ ዝቅ ቢልም። ሃምሳ ስምንቱ ከተሰረዘ የጤና አስተዳደሩም ቦታ ቀረ ማለት ነው። «አንብቢው እስቲ ጮክ ብለሽ» አለችኝ። አነበብኩላት። «እህቴ፣ ሰው ያለውን ጥሎ ይመጣል? የሚመክርሽ ሰው የለሽም?» አለች። ከኋላዬ የተሰለፈ ጎረምሳ «መካሪ ቢኖራትማ እዚህ መች ትቆም ነበር» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀብኝ። መካሪ አለኝ አልኳት። ፈረምኩ። ስለዚህ ያ በእጄ ያለው ወርቅህ የለም፤ ሦስት ሳምንት ሆነው። ደግሞም መዳብ ነበር። መዳብነቱን ባታውቀው አልፈርድብህም፤ ቀርበህ አላየኸውማ።

አሁን የማርመው ራሴ ነኝ፤ በቀይ። መልሱን እያየሁ፣ መነጽር ባይኖረኝም በአባባ ዓይነት፣ አንድ በአንድ። የመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አራት አገኘሁ። ድሮ ከነበርኩበትም ዝቅ ብዬ። ወረቀቱን አጥፌ ማረሚያዬን ጣልኩ፤ በማግስቱ አነሣሁት። ከዚያ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ። ሃያ አንድ ብዬ እንደጮኽኩበት ቀን ያንተ ሃያ ስምንት አላስጮኸኝም። ባለፉት ሁለት እሑዶች ሙሉ ፈተናውን ሰዓት ይዤ ሠራሁት፦ አንዱን ስልሳ ስምንት፣ አንዱን ሰባ አንድ። ስለዚህ ቅዳሜ የሚሆነው አይታወቅም። እኔ አላውቅም፣ አንተ አታውቅም። ባለማወቃችን እኩል ስንሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ የምለምንህ ሳይሆን የምነግርህ ይህን ነው። ውጤቴን ለእማዬ አንተ አትነግርልኝም። ከፍም ቢል ዝቅም ቢል እኔው ደውዬ እነግራታለሁ። «ጎበዝ» አትበለኝ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ሰባ ካልሞላ ደግሞ የጤና አስተዳደሩም ስለሌለ እዚሁ ደረት እያነሣሁ እቆያለሁ፤ የሰው አጥንት ማየት የሚያሳፍር ነገር የለበትም። «ነግሬሽ ነበር» ለማለት ብትደውል ግን ስልኩን አላነሣውም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጅጌው ላይ ብቻ ትንሽ ተረፈ፣ እውነቱን ነው የምነግራት። ታላቁን ልጅህን ሳምልኝ፤ ድምፁ ጎረነነ ሲሉ ሰምቼ ሳቅሁ። ትንሿን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ። አምስተኛ ክፍል ገባች አሉ። ደብተሯን ይዛ ስትመጣ፣ ወንድም ጋሼ፣ ቢደክምህም ተቀምጠህ እየው። ስድስት ከሆነ ስድስት በላት። ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ ተቀመጥና አብራት ቆይ።

ለእማዬ ዓይኗ ስለደከመ እንደ ሁልጊዜው አንተ ነህ የምታነብላት። ሰላምታዬን ብቻ ነጥለህ አትንገራት። ደብዳቤውን ከላይ ጀምረህ እዚህ ድረስ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ ስለ በሩ የጻፍኩትንም፣ ስለ ሚዛኑም፣ አንድ መስመር ሳትዘል። ዘልለህ እንደሆን ደግሞ እኔ በምን አውቃለሁ? እዚያ የለሁም። እንደገና ያንተን ቃል ከማመን ሌላ ምን አለኝ።

እህትህ

ከራጅ ክፍሉ ጀርባ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን